ራሱ ከቲቸር፣ ጭራው ከተማሪ

ቲቸር ከወደቀች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ነው የሚላት፤ ዳቦ ሻጩም፣ ጎረቤቱም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሯት የኖረው አናጢ ባሏም። አናጢው ሚስቱን በስሟ የጠራት የጋብቻ ወረቀት ሲፈርሙ ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ታዲያ ይቺ አርባ ልጅ ባንዴ ስትቆጣ ድምጿ መንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት፣ አንድ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ሳሙናው ከእጇ አመለጠ፤ ሳሙናውን አነሳለሁ ብላ ስታጎነብስ እሷም ተከተለችው። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ስትወጣ ቀኝ እጇ ከድቷታል፣ ቀኝ እግሯም ይጎተታል። ይሄስ ይቻል ነበር። ያልተቻለው የአፏ ነገር ነው።

አማርኛው ከነነፍሱ ጠፋ። ውሃ ማለት አቃታት፣ ልጄ ማለት አቃታት። የተረፈቻት አንዲት "አዎ" ብቻ ናት፤ እሷንም ለመጣው ለሄደው ሁሉ ትላታለች። ሻይ ላምጣልሽ? አዎ። ሻዩ ሲመጣ በግራ እጇ ትገፋዋለች። አልፈለግሽም ማለት ነው? አዎ። ልመልሰው? አዎ። ይቀመጥልሽ? አዎ። ሰው ያብዳል እኮ።

ጉዱ ግን ይሄ አይደለም። ጉዱ፣ አማርኛው ጠፍቶ እንግሊዝኛው አለመጥፋቱ ነው። እሱም ቢሆን ሙሉው አይደለም፤ ግማሽ ግማሹ። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ባሏን አተኩራ ታየውና፣ "ጌት አፕ ቱ…" ትላለች፤ ጥርት አድርጋ፣ በዚያው በድሮው የክፍል ድምጿ። ከዚያ ዝም። ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ትጠብቃለች። አናጢው የምትጠብቀው ምን እንደሆነ የት ያውቃል? የሚያማት፣ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ የሚያንቃት ይመስለዋል። ትራሷን ያስተካክላል፣ ውሃ ያስጠጋል።

"አይዞሽ ቲቸር፤ አትልፊ፤ ዝም ብለሽ እረፊ" ይላታል።

እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ጎ አውት ቱ…"። እሱም ደግሞ፣ አይዞሽ። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ነው የኖሩት።

ሐኪሙ ሲሸኛቸው፣ አታድክሟት፣ ጫጫታ አይኑር ብሎ ነበር። አናጢው ደግሞ አንዴ የታዘዘውን እንደ ምስማር መትቶ የሚያስገባ ሰው ነው። በማግስቱ ወርክሾፑን ዘጋ። ወርክሾፑ ከቤቱ ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው፤ በመካከሉ ያለው አንድ የሳንቃ ግድግዳ ብቻ ነው። እንጨት የሚያለሰልስበትን መላጊያ ሰቀለ፣ መጋዙን በጨርቅ ጠቀለለ፣ የጀመረውን የጠረጴዛ ሳንቃ ግማሹን ልጎ ግማሹን ሳይልግ እንደተጋደመ ትቶት ወጣ። ደንበኛ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ በሹክሹክታ ይመልሳል። የግድግዳውን ሰዓት ሳይቀር ይረብሻታል ብሎ ባትሪውን አውጥቶታል። ቤቱ እንዲህ ጭር ብሎ ቀረ፤ እሱም ከጊዜ ብዛት በካልሲ መሄድ ጀመረ።

አንድ ልጅ አለቻቸው። በሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። እሷ ናት እንግዲህ ሰኞ ዕለት ደውላ ነገሩን የቆረጠችው። ቅዳሜ መኪና ይዛ ትመጣለች፤ እናቷን ትወስዳለች። ሁለት ክፍል ቤት ናት ያለቻት፤ አንዱን ለእናቷ አዘጋጅታለች። አባቷ እየተመላለሰ ይጠይቃል። አናጢው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል አድርጎ የሰማውን ሁሉ ሰማ።

"አባዬ፣ እንዳትቀየመኝ" አለችው በመጨረሻ። "እማዬ የምትልህን አንተ አትሰማም። ነገ አንድ ነገር ቢያማት የት ጋ እንዳመማት ብትነግርህ አይገባህም። እሱን እያሰብኩ ሥራዬ ላይ መቆም አቃተኝ።"

"እሷስ ትሂድ አለች?"

"ስልኩን ስታቀብላት ጠይቄያታለሁ። አዎ ብላኛለች።"

አዎማ ለሁሉም ትላለች ሊል ነበር። ምላሱን ያዘው። ይቺኛዋ እውነተኛዋ አዎ ብትሆንስ? ከመቶ አዎ አንዷ እውነት መሆኗ የት ይቀራል? ልጅቷ መድኃኒት ታውቃለች፣ እንግሊዝኛ ታውቃለች፣ ቤቷ ሊፍት አለው። እሱ ምን አለው? እንጨት። ቲቸር መሄድ ፈልጋ እንደሆነ ይዞ ማስቀረት ግፍ ነው፤ መቅረት ፈልጋ እንደሆነ ደግሞ ጭኖ መስጠት ከዚያ የባሰ ግፍ ነው። ሆዷን የሚያውቀው ደግሞ ራሷ ብቻ ናት። ከሰኞ ጀምሮ ይሄ ነገር እህል አላስቀምስ አለው።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ የቲቸርን አስተማሪነት ሳላወራላችሁ ብቀጥል ነገሩ አይገባችሁም።

ቲቸር ከመደበኛ ትምህርት ቤቷ ስትመለስ፣ ከሰዓት በኋላ ሳሎኗን ክፍል አድርጋ የሰፈር ልጅ ታስጠና ነበር። ጥቁር ሰሌዳው እስከዛሬ ከሶፋው በላይ እንደተሰቀለ ነው። የምትወደው ትምህርት አንድ ነው፤ እነዚያ እንግሊዞች አንዱን ግስ ካንዲት ትንሽ ቃል ጋር አጣብቀው ሌላ ነገር የሚያደርጉበት። ፍሬዛል ቨርብ ይሉታል፤ እሷ ግን ለልጆቹ ራስ ትለዋለች። ከኋላው በ"ቱ" የሚቀጠለው ሌላው ግስ ጭራ ነው። ካም ኦቨር ራስ ነው፣ መጣሁ እንደማለት፤ ልጠይቅሽ፣ ልረዳሽ፣ መጽሐፍ ልዋስ የሚለው ጭራው ነው። ሰው በዕለት ተዕለት ሲያወራ እንዲህ ነው የሚያወራው ትላለች፤ ማንም ዝም ብሎ አይነሳም፣ ዝም ብሎ አይወጣም፣ ዝም ብሎ አይመጣም፤ አንድ ነገር ሊያደርግ ነው።

ሕጓ ታዲያ ለብቻው ነበር። ራሱን እሷ ትሰጣለች፤ ጭራውን ተማሪው ይቀጥላል። ጭራው የራስህ ይሁን፣ እውነት ይሁን፤ ከጎንህ ልጅ የተሰረቀ ጭራ አልቀበልም። እንግሊዝኛው እንቢ ካለህ በአማርኛ ቀጥለው፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እገለብጥልሃለሁ። ልጁ እውነቱን ከተናገረ እጇን ወደሚቀጥለው ልጅ ታወናጭፋለች፤ በቃ፣ አልፈሃል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የስንቱን ቤት ጉድ ሰማች መሰላችሁ! አንዱ፣ ጌት አፕ ቱ ሲባል፣ ወንድሜ ጫማዬን አድርጎ ሳይሄድ ልቀድመው ይላል። አንዷ፣ ጎ አውት ቱ ስትባል፣ አባቴን ልፈልግ ብላ ዝም አለች፤ ቲቸር የዚያን ዕለት ክፍሉን ቶሎ በትና ልጅቷን ይዛ ቤቷ ሄዳለች።

ይሄን ሁሉ አናጢው በምን ያውቃል? በግድግዳው ነዋ። እሷ ሳሎን ስታስተምር እሱ ወርክሾፑ ውስጥ ሳንቃ ይልጋል። ራሱ ሲነገር መላጊያውን ወደፊት ይገፋል፣ ጭራው ሲመለስ ወደኋላ ይስባል። ሠላሳ አንድ ዓመት። ለሰው ግን እንግሊዝኛ አልችልም ነው የሚለው፤ ደንበኛ ኦኬ ቢለው እንኳ እሺ ብሎ ነው የሚመልሰው።

ምክንያት አለው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ የተማሪዎቹ አግዳሚ እግር ተነቅሎ ሊመታ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቲቸር "ካም ባክ ቱ…" እያለች ልጆቹን ስታዳርስ፣ ስትመለስ እሱ ላይ ደረሰች። ለቀልድ ነው፤ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ጠበቀችው። እሱም ምስማር በአፉ እንደያዘ፣ ደሙ ሞቆ፣ ድምጹን ከፍ አድርጎ "ቱ ቲቸር!" አለ። የምመለሰው ወደ ቲቸር ነው ማለቱ ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ለካ ጭራው የሚደረግ ነገር ነው የሚሆነው፤ እሱ ሰው ቀጠለበት። ልጆቹ ሲስቁ ይሁን ብሎ ነበር፤ ግን ቲቸርም ሳቀች፤ ሰሌዳውን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አናጢው መዶሻውን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፉ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አልወጣችም። ወንድ ልጅና ኩራቱ! በነገሩም ተነጋግረውበት አያውቁም፤ እሷ ምናልባት ረስታዋለች፣ እሱ ግን ይሄው እስከዛሬ ያሳክከዋል።

እንግዲህ ወደ ረቡዕ እንመለስ።

ረቡዕ ጠዋት ቲቸርን በረንዳ ላይ ፀሐይ እንድትሞቅ አስቀምጧት ነበር። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው በሩን ገፍቶ ገባ። አርባውን ያለፈ፣ ግንባሩ ወደኋላ የሸሸ፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ሰው ነው። ድሮ የቲቸር ተማሪ ነበር፤ አሁን ሌላ ሰፈር ተዛውሮ ቆይቶ መመለሱ ነው፤ መታመሟንም አልሰማም። ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ። እሷም ሽቅብ አየችውና፣

"ስቶፕ ባይ ቱ…" አለችው።

ሰውዬው እዚያው ቀጥ አለ። ሁለት እጁን ወደ ጎኑ አወረደ፣ ደብተሩ ከብብቱ ወደቀ። "ቱ ሪድ ዘ ሚተር፣ ቲቸር" አለ፤ ጎራ ያልኩት ቆጣሪውን ላነብ ነው፤ ልክ እንደ አሥር ዓመት ልጅ፣ ሳይተነፍስ።

ቲቸር አገጯን ነቀነቀች። ከዚያ ግራ እጇን አነሳችና ወደ ጎን ወረወረቻት። አልፈሃል።

አናጢው በሩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ነበር። ይቺን እጅ ያውቃታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰሌዳ ፊት ስትወናጨፍ የነበረች እጅ ናት፤ ያቺኛዋ ቀኝ ነበረች፣ ይቺኛዋ ግራ ሆነች እንጂ። ፊቷን ደግሞ አየው፤ በአራት ወር ውስጥ አንድ ሰው ያናገራት አሁን ገና ነበር የሚመስለው። ቆጣሪ አንባቢው ስለ ሕመሟ ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ደብተሩን አንስቶ፣

"ጋሼ፣ እኔ ደህና ናት ብዬ ነው እኮ" አለው በሹክሹክታ። "እንደ ድሮዋ ጠየቀችኝ፤ መለስኩላት።"

እንደ ድሮዋ ጠየቀችኝ፤ መለስኩላት! ሰውዬው ከወጣ በኋላ አናጢው እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ታዲያ አራት ወር ሙሉ ሚስቱ ስትጠይቀው ነበር፤ በሳንቃው በኩል የለመደውን ጥያቄ፣ ሕመም ነው ብሎ ስላመነ ጆሮው አላወቀውም። ትነሳለህ፣ ምን ልታደርግ? ትወጣለህ፣ ምን ልታደርግ? እሱ ደግሞ ውሃ ጠጪ ይላታል። ሰው ሲያናግርህ ትራስ ማስተካከል! ራሱን በጥፊ ቢመታ ደስ ባለው።

ሐሙስ ጠዋት ተዘጋጅቶ ጠበቃት። "ጎ አውት ቱ…" አለች። ላብ አጠመቀው። ከዚያ ከግድግዳ ማዶ ሺህ ጊዜ የሰማትን ጭራ አወጣ፤ "ቱ ባይ ብሬድ" አለ፤ ዳቦ ልገዛ። ድምጹ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር።

ቲቸር አየችው። ጣቷን አንስታ ግራና ቀኝ አወዛወዘች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

እሱ ተናደደ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጥቦ ያወጣትን እንግሊዝኛ እንዲህ ትጥልበት? ወጥ ቤት ገብቶ ድስት አንኳኳ፤ ከታመመች ወዲህ በዚያ ቤት ድስት ሲንኳኳ የመጀመሪያው ነው። ሲበርድለት ግን ገባው። ዳቦው ትናንት የተገዛ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እሷም ታየዋለች። የተሰረቀ ጭራ ነው፤ ያውም ውሸት። በሽታው ምላሷን ወሰደ እንጂ ሕጓን አልወሰደም።

ከሰዓት በኋላ "ሲት ዳውን ቱ…" ስትለው አጠገቧ ተቀመጠ። እንግሊዝኛውን ተወው። ምን ልታደርግ ነው የተቀመጥከው ነው የምትለው፤ እውነቱን ይናገር።

"ሲት ዳውን ቱ… ላይሽ" አለ። "ቅዳሜ ሊወስዱሽ ነው። እስከዚያ ላይሽ።"

የቲቸር ዓይን እርጥብ አለ። እጇን ቶሎ አልወረወረችም። ጉልበቱ ላይ አሳረፈቻት፤ ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጎን ገፋ አደረገቻት። አልፈሃል።

ዓርብን እንዲህ ሲጫወቱ ዋሉ። ጌት አፕ ቱ፤ ሾርባሽን ላሞቅ። ካም ባክ ስትል ብቻ ይደነግጣል፤ ያቺን ዘልሎ ወሬ ይቀይራል። የሚገርመው፣ እሱ መልስ ሲሰጣት እሷ ትናገራለች፤ ማታ ላይ "ሾርባ" አለች፣ እንደ ሕፃን ተኮላትፋ። ያም ሆኖ ዋናውን ነገር አልጠየቃትም። ልጠይቃት እያለ ሦስት ጊዜ ተነሳ፣ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። መልሱን ፈራው፣ ሌላ ምን አለ?

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ልጃቸው መጣች። አባቷን ስማ፣ እናቷን አቅፋ፣ ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፈተች። ልብስ ስታጣጥፍ እጇ ፈጣን ነው፣ ድምጿም ፈጣን ነው፤ እንዳያለቅስ የሚቸኩል ሰው እንዲህ ነው። አናጢው የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ የቆጣሪ አንባቢውን፣ የጭራውን፣ ሾርባ ማለቷን ጭምር። ልጅቷ ደስ አላት፤ ይሄን ለሐኪሟ እነግራለሁ አለች፤ ግን ማጣጠፏን አላቆመችም። ከዚያ እናቷ ፊት ተንበረከከች።

"እማዬ፣ ከኔ ጋር ትሄጃለሽ አይደል?"

"አዎ።"

"ወይስ እዚህ ከአባዬ ጋር ትቆያለሽ?"

"አዎ።"

ልጅቷ ግንባሯን እናቷ ጉልበት ላይ ደፋች። ቲቸር የልጇን ፀጉር እየዳበሰች፣ "ካም ኦቨር ቱ…" አለቻት፤ የመጣሽው ምን ልታደርጊ ነው?

ልጅቷ በልጅነቷ ከዚያ ሰሌዳ ሥር ስንት ጊዜ ቆማለች። ውሸት እንደማያልፍ ታውቃለች። "ልወስድሽ" ብላ ጀመረች፤ የእናቷ እጅ ግን አልተነሳም። "ልወስድሽ… እኔ ሳልኖር እንዳትሞቺብኝ" አለችና ያዘለችውን ሁሉ ዘረገፈችው። አለቀሰች። ቲቸር እዚያው ፀጉሯ ላይ እጇን ወደ ጎን አንሸራተተች። አልፈሻል።

አናጢው ከዚህ በላይ መቆም አልቻለም። ሄዶ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆመ፤ እሷ በምትቆምበት ቦታ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት በመጨረሻ ኪሱ ከተተው።

"ቆይ፤ በራሷ መንገድ ልጠይቃት" አለ።

ሌሊቱን ሲያስበው ያደረ ነው፤ አንዱን ብቻ ቢጠይቅ ማጭበርበር ነው፤ ሁለቱንም እኩል ይጠይቃል፣ የመጣውን ይቀበላል። ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ አየችው። አባቷ በእንግሊዝኛ ሲናገር በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም።

"ጎ አዌይ ቱ…" አለ አናጢው። ርቀሽ ብትሄጂ፣ ምን ልታደርጊ? ቅንድቡን እንደሷ ከፍ አድርጎ ጠበቀ።

ቲቸር አሰበች። ከንፈሯ ብዙ ጊዜ ተላወሰ። የደረቀ ጠመኔ አሁንም ሰሌዳው ሥር አለ፤ አናጢው እሱን እያየ ቆየ። "ቱ… ካም ባክ" አለች በመጨረሻ።

ልጅቷ ሳይጠይቃት ገለበጠችለት፤ "ልመለስ።" እጇ ላይ ያለውን ሹራብ ወደ ሻንጣው አላስገባችውም።

የቀረችው አንድ ናት። "ስቴይ ኦን ቱ…" አለ። እዚሁ ብትቆዪስ፣ ምን ልታደርጊ?

"ቱ ሂር…" አለች ቲቸር።

"ልሰማ" አለች ልጅቷ። "ምን ልትሰሚ እማዬ? እኛን? ሬዲዮ?"

ቲቸር ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ አሁን አዎ አላለችም። ቃሉ እንቢ ብሏታል። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ግራ እጇን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረችና ወደፊት ገፋች፤ ወደኋላ ሳበች፤ ወደፊት ገፋች። ልጅቷ ግራ ገብቷት አባቷን አየች። እንግሊዝኛውን የምትገለብጠው እሷ ነበረች፤ ይሄን ግን መገልበጥ አልቻለችም።

አናጢው ግን ቻለ። ግድግዳውን ያዘ።

"መላጊያውን" አለ። "መላጊያዬን ነው።"

ሠላሳ አንድ ዓመት እሱ ብቻ ይሰማ የነበረ እንዳይመስላችሁ፤ እሷም ስትሰማ ነበር። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ደብተር ስታርም፣ ሲከፋት፣ ሲደክማት፣ ከሳንቃው ማዶ ያ ድምፅ አለ። እሱ ደግሞ በገዛ እጁ፣ ለጤናሽ ብሎ፣ ዘጋው። ባሏ በሕይወት ያለ መሆኑን የምታውቅበትን ድምፅ ነጥቆ፣ በካልሲ እየሄደ፣ እረፊ ይላታል። አዛኝ ባል!

ልጅቷ ሻንጣውን ዘጋችው፤ ባዶውን። ሳምንቱን እዚሁ አሳልፋለሁ፣ ንግግር የሚያለማምድ ባለሙያ አፈላልጋለሁ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እመጣለሁ አለች፤ አባቷ ደግሞ ሕመም፣ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ የሚሉትን በእንግሊዝኛም በምልክትም ሳይማር አትለቀውም። እሱም ኦኬ አላት። አዎ፣ ኦኬ።

ከዚያ ወርክሾፑን ከፈተ። አቧራው አራት ወር የተኛ ነው። ግማሽ የተላገው ሳንቃ እንደተጋደመ ይጠብቀዋል። መላጊያውን ከምስማሩ አወረደ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ አንድ ጊዜ ገፋ። ድምፁ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ። ቆም ብሎ አዳመጠ። ከማዶ ምንም የለም። ደግሞ ገፋ፣ ደግሞ ሳበ፤ ፍቅፋቂው ጫማው ላይ መውደቅ ጀመረ።

በሳንቃው ግድግዳ በኩል የቲቸር ድምፅ መጣ። እንደ ድሮው መንገድ አይሻገርም፤ እሱ ጋ ለመድረስ ግን በቂ ነው።

"ካም ባክ ቱ…"

አናጢው መላጊያውን ያዘው። ያቺው ናት። ዓርብ ዕለት ሲዘላት የዋላት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስታሳክከው የኖረች። ዛሬ ትክክለኛ ጭራ መፈለግ ይችል ነበር፤ ልጁን ጠይቆም ቢሆን አሳምሮ መመለስ ይችል ነበር። ግን ሕጉ እውነት ይሁን ነው የሚለው፤ እሱ ደግሞ ያኔም ዛሬም አንድ እውነት ነው ያለው።

"ቱ ቲቸር!" አለ፤ ሰፈሩ ይስማ ብሎ።

ከዚያ ሳቀች። ያችኑ ሳቅ፤ ሰሌዳ ተደግፋ የሳቀቻትን፣ እንባ ያለባትን፣ በሽታው ያልነካትን። አናጢው መላጊያውን ይዞ አዳመጣት፤ ልጆቹ በሌሉበት፣ ብቻዋን፣ ጥርት ብላ ስትመጣ። መሳለቅ የሚባል ነገር ፈልጎ አላገኘባትም። ያኔም አልነበረባትም ማለት ነው፤ መዶሻውን ሰብስቦ ለመውጣት ቸኩሎ ሳያዳምጣት ቀርቶ ነው እንጂ።

ልጅቷ በሩ ላይ መጥታ፣ "አባዬ፣ እጇን እየወረወረች ነው" አለችው።